የግቢና የቤት ውስጥ መብራትን በሴንሰርና በሰዓት ማሠራት፦ ለጎንደር ቤት የሚስማማው የትኛው ነው?

ዘማራኪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ በሚገኘው የቤተሰባችን ግቢ ውስጥ አንዳንዶቹ መብራቶች በራሳቸው እንዲበሩና እንዲጠፉ ማድረግ እፈልጋለሁ። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ሐሳብ እንድትሰጡኝ ስለፈለግሁ ሁኔታውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ዋናው ቤት ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ከጀርባው በብሎኬት የተሠራ ሰርቪስ አለ፤ በእርሱም ተከራዮች ይኖራሉ። ሽንት ቤቱ ከሰርቪሱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከዋናው ቤት በረንዳ ተነሥቶ ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎችን ወርዶ ግቢውን አቋርጦ መሄድን ይጠይቃል። እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሌሊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ በጾም ወራትና በበዓላት ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የደረጃው መብራት ማብሪያ የሚገኘው ከደረጃው ማዶ፣ በሰርቪሱ ግድግዳ ላይ ስለሆነ እስኪደርሱበት ድረስ የሚሄዱት በጨለማ ነው። ዋናው ጭንቀቴ ይህ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የውጭ በሩና የበረንዳው አምፖሎች ማታ በርተው ጠዋት የሚያጠፋቸው ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲበሩ ይውላሉ። ከእናቴ መኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚወስደው ኮሪደርም መስኮት የለውም። ሁላችንም ወደ ገጠር በምንሄድበት ጊዜ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል የሳሎኑ መብራት በተወሰነ ሰዓት እየበራ ቢጠፋ ደስ ይለኛል።

በሱቆች ያየሁት በስልክ የሚታዘዝ የዋይፋይ ማብሪያ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ ጥርስ ታይመር፣ ሴንሰር ያለው የአምፖል መያዣና ሴንሰሩ በውስጡ የተሠራ አምፖል ነው። በአካባቢያችን መብራት በየጊዜው እንደሚጠፋ፣ ኢንተርኔትም ሁልጊዜ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። በዚህ ሁኔታ ለየትኛው ቦታ የትኛው ይሻላል? አሮጌው የሽቦ መስመርስ ይችለዋል?

የሽቦ ሥራ፣ አራዳ

ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። እኔ በከተማችን የቤት መስመር በመዘርጋትና በመጠገን የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ከዕቃው በፊት በግድግዳው ውስጥ ስላለው ሽቦ ልናገር።

በአብዛኞቹ አሮጌ ቤቶቻችን ከማብሪያው ጀርባ የሚገኙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፌዝ (ኃይል ያለበትን መስመር) ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ማብሪያው ሲጫን ፌዙን ወደ አምፖሉ ይወስዳል። ኒውትራሉ (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) በኮርኒሱ በኩል በቀጥታ ወደ አምፖሉ ስለሚሄድ ወደ ማብሪያው አይወርድም። በስልክ የሚታዘዙት ማብሪያዎች ግን አምፖሉ በጠፋበት ጊዜም ነቅተው ትእዛዝ የሚጠብቁ ስለሆኑ ለራሳቸው ኃይል ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም ለዚህ ኒውትራል ይጠይቃሉ። ያለ ኒውትራል እንዲሠሩ የተዘጋጁም አሉ፤ እነርሱ የሚያስፈልጋቸውን ጥቂት ኃይል የሚያገኙት በአምፖሉ በኩል አሳልፈው ስለሆነ፣ አምፖሉ አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ ሲሆን ጠፍቶም በደብዛዛው ይበራል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን የሚያስቀረው ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን የሚታሰር ትንሽ ካፓሲተር (ያንን ጥቂት ኃይል በአምፖሉ ፋንታ የሚያሳልፍ ቁራጭ) ነው፤ እንዲህ ያለውን ማብሪያ የሚገዛ ሰው ካፓሲተሩ በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ።

በእርስዎ ቤት ኒውትራል ወደ ማብሪያው ለማውረድ የድንጋዩን ግድግዳ መፈልፈል ሊያስፈልግ ነው፤ እኔ ይህን አልመክርም። ይልቁንም መቆጣጠሪያው ኒውትራሉ ባለበት ቦታ፣ ማለትም ከአምፖሉ አጠገብ ይገጠም። ሰው ሲያልፍ አይቶ የሚያበራ ሴንሰር ለዚህ ተስማሚ ነው። ስልክ፣ ራውተርም ሆነ ሰዓት አይፈልግም፤ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ማንም ሳያስተካክለው ሥራውን ይቀጥላል። ለደረጃውና ለሽንት ቤቱ መንገድ የምመርጠው ይህን ነው።

የተለመደው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ፒአይአር ይባላል። ራሱ ምንም ጨረር አይለቅም፤ ከሰው ገላ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ከፊቱ በተደረገው በብዙ ቁራጭ በተከፋፈለ የፕላስቲክ ሌንስ ይቀበላል፤ ሰውየው ከአንዱ ቁራጭ ዕይታ ወደ ሌላው ሲሻገር በሚፈጠረው ለውጥም መብራቱን ያበራል። ለዚህ ነው ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ የሚያየው። ስለዚህ ከደረጃው ትይዩ ፊት ለፊት ከመስቀል ይልቅ ደረጃውን በጎን በሚያይ ግድግዳ ላይ፣ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢገጠም እናትዎ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይረግጡ ይበራል። መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ከመስኮት ጀርባ ሆኖ ግቢ እንዲጠብቅ ማድረግ አይቻልም። የጎንደር አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ይጠቅመዋል፤ የአካባቢው ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት በራቀ መጠን አጥርቶ ያያልና። በመተማ ቆላ በሙቀት ሰዓት ዕይታው የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሆዱ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መዘውሮች አሉት። አንደኛው ርቀቱን፣ ሁለተኛው መብራቱ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ በምን ያህል ጨለማ ሥራ እንደሚጀምር ይወስናል። ሦስተኛው በአንድ ጫፉ የፀሐይ፣ በሌላው የጨረቃ ሥዕል አለው። በቀን ሲሞክሩት ወደ ፀሐዩ ያዙሩት፤ ሙከራው ሲያልቅ ወደ ጨረቃው ይመልሱት። ገዢዎች «አይሠራም» ብለው ዕቃውን የሚመልሱት ብዙ ጊዜ በጨረቃው ላይ እንዳለ በቀን ሞክረውት ነው። ጊዜውን በተመለከተ ለመንገዱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ ለሽንት ቤቱ ውስጥ ግን ሰው ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥ ከ8 ደቂቃ ያላነሰ ይስጡት፤ አለዚያ መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል።

ለውጭ በሩና ለበረንዳው ፎቶሴል ይግጠሙ። በውስጡ ያለው፣ ብርሃን ሲቀንስበት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚጨምር ቁራጭ ነው፤ ሲመሽ ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ፎቶሴሉ ራሱ የሚያበራውን አምፖል ብርሃን ማየት የለበትም። ካየው፣ አምፖሉ ሲበራ ነጋ ብሎ ያጠፋዋል፣ ሲጠፋ መሸ ብሎ ያበራዋል፤ ሌሊቱን በሙሉ እንዲሁ ሲያደርግ ያድራል። ከመከለያ በላይ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ እንዲሆን አድርገው ይስቀሉት። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሲከብድ ቀደም ብሎ ሊያበራ ይችላል፤ ይህ ጉዳት አይደለም፤ ግቢውም በዚያ ሰዓት በእርግጥ ጨልሞ ነው።

አሮጌው ማብሪያ ተነቅሎ እንዳይጣል አደራ እላለሁ። ከሴንሰሩ ጋር ጎን ለጎን ታስሮ፣ ሲጫን ፌዙን በቀጥታ ወደ አምፖሉ እንዲያሳልፍ ይደረግ። ሴንሰሩ ቢበላሽ ወይም በግቢው ለቅሶና ድግስ ኖሮ መብራቱ ያለማቋረጥ እንዲበራ ቢፈለግ በእጅ ማብራት ይቻላል። አዛውንት ባሉበት ቤት ይህን ሳላደርግ ሥራ አላስረክብም።

በመጨረሻም ስለ ደኅንነት። መስመሩ የ220 ቮልት ነው። ብሬከር ሳይወርድና በቴስተር ሳይረጋገጥ ምንም ሽቦ አይነካ። ብዙ ሰው መብራት የጠፋበትን ሰዓት ለጥገና ጥሩ አጋጣሚ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ መብራቱ ያለማስጠንቀቂያ የሚመለስ ስለሆነ ከሁሉም የከፋው ሰዓት እርሱ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ብሬከሩ ይውረድ።

ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ

ስለ ሽቦውና ስለ ሴንሰሩ አቀማመጥ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የመብራት መርሐ ግብር የሚበላሸው በአብዛኛው በሰዓት ጉዳይ ነው።

በጎንደር ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳል። በኅዳር ወር ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ማብቂያ ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ከጠለቀች በኋላ የሚቆየው የማምሻ ብርሃንም 20 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የበረንዳውን መብራት በአንድ ቋሚ ሰዓት የሚያስር ሰው ወይ በኅዳር በጨለማ ይቀመጣል ወይም በሰኔ በብርሃን ያበራል። ፎቶሴል ይህን ችግር ስለማያውቀው ለውጭ መብራት ከታይመር ይበልጣል። አንዳንድ የዲጂታል ታይመሮችና የስልክ ፕሮግራሞች የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀብለው የፀሐይ መግቢያንና መውጫን በየዕለቱ ያሰላሉ፤ እንዲህ ያለውን ከመረጡ ለጎንደር ሰሜን 12.6፣ ምሥራቅ 37.5 ዲግሪ ብለው ያስገቡ።

መሣሪያዎቹ የሚያውቁት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ነው። የእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት በመሣሪያው 18፡00 ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ 04፡00 ነው። የሰዓት ቀጣናውን ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመውን፣ ማለትም አዲስ አበባን ወይም ናይሮቢን ይምረጡ፤ ለበጋ ሰዓት የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ምርጫ ካለ ያጥፉት፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ለውጥ የለም። ከዚህ ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስተው የዕለቱ ምርጫ ነው። መሣሪያው ቀን የሚለውጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲበራ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜን ሳይሆን እሑድን መምረጥ አለበት።

ሆኖም የእናትዎን የቤተ ክርስቲያን ሰዓት በመርሐ ግብር ለመያዝ አይሞክሩ። መሣሪያው የሚያውቀው ሳምንታዊ ዙርና የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። በየወሩ በ12 የሚውለውን የሚካኤልን፣ በ21 የሚውለውን የማርያምን በዓል፣ በየዓመቱ የሚዘዋወረውን ዐቢይ ጾምንም አያውቅም። ሰው የሚነሣበት ሰዓት በእንዲህ ያለ አቆጣጠር የሚመራ ከሆነ፣ ትክክለኛው መፍትሔ ሰውየው ሲነሣ የሚያየው ሴንሰር ነው።

አሁን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ባለ ጥርሱ ታይመር በውስጡ የሚዞረው በመስመሩ ኃይል በምትሠራ ትንሽ ሞተር ስለሆነ መብራት ለሁለት ሰዓት ከጠፋ እርሱም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መብራቱ ሲመለስ አያስተካክልም። በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር በጥቂት ቀናት ውስጥ ማታውን ከቀን ያደባልቀዋል። የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ግን ሰዓቱን ይጠብቃል፤ ለሳሎንዎ መብራት ታይመር ከገዙ ይህን ይግዙ።

የዋይፋይ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ ኃይል ባገኙ ቁጥር ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። መብራቱ ተመልሶ ኢንተርኔቱ ካልተመለሰ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስለማያውቁ በውስጣቸው የተቀመጠው መርሐ ግብር ሳይፈጸም ይቀራል። ከዚህም በላይ በርካታዎቹ ከስልክዎ የሚሰጣቸውን ትእዛዝ የሚቀበሉት በሌላ አገር በሚገኝ ማዕከል በኩል ስለሆነ፣ እርስዎ ሳሎን ተቀምጠው የሳሎኑን መብራት ማዘዝ ሊያቅትዎ ይችላል። ስለዚህ የዋይፋይ ዕቃ የሚገዛ ሰው በቤቱ ራውተር ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት መታዘዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ሶኖፍን የመሳሰሉ አንዳንድ መሣሪያዎች ታስሞታ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ተቀብለው ሙሉ በሙሉ በቤት ውስጥ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። በራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኢኤስፒ 32 ከሚባለው፣ ፕሮግራም ተጽፎለት ከሚሠራው ትንሽ ቦርድ ጋር ዲኤስ 3231 የተባለውን የሰዓት ሞጁል ያገናኙ፤ በትንሽ የሰዓት ባትሪ እየታገዘ መብራት በሌለበትም ሰዓቱን ይይዛል፤ ስሕተቱም በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

አምፖሉ ራሱ የዋይፋይ ሲሆን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሙሉ ኃይሉ እንዲበራ ተደርጎ የሚመጣ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ መኝታ ቤቱ በድንገት እንዳይበራ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ» የሚለውን ምርጫ ወደ «ይጥፋ» ወይም ወደ «እንደነበረ ይቀጥል» ይለውጡት። እንዲህ ያለ ምርጫ የሌለውን አምፖል ለመኝታ ቤት አይግዙ።

ከአዘዞ

ስለ ዕቃው ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ስለ ብርሃኑ ዓይነት ልናገር። አዛውንት ሰው ከጨለማ ተነሥቶ በድንገት በጣም ነጭ በሆነ ኃይለኛ መብራት ሲመታ ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም፤ ያ ጊዜ ደግሞ እግሩ ደረጃው ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ለኮሪደሩና ለደረጃው በካርቶኑ ላይ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚል፣ ቢጫ የሚያደላ አነስተኛ አምፖል ይምረጡ። አምፖሉ ከዓይን በታች፣ በጉልበት ከፍታ ላይ ሆኖ ደረጃውን ብቻ እንዲያበራ ከተደረገ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ የተከራዮችዎን መስኮትም አያስቸግርም። የየደረጃውን ጠርዝ በነጭ ቀለም መቀባት ወጪው ትንሽ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት በባትሪ ሲሄዱም ያገለግላቸዋል።

በግቢው ውሻ ካለ ሴንሰሩ በእርሱም ይበራል። የሌንሱን የታችኛውን ክፍል በጥቁር ቴፕ መሸፈን መሬት ለመሬት የሚሄደውን ከዕይታ ያወጣል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ደረጃውንም እንዳይጋርድ ሞክረው ያረጋግጡ።

ዘማራኪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማብሪያዎቹን ባለሙያ ከፍቶ አይቷቸዋል፤ እንደተባለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ የዋይፋይ ማብሪያውን ሐሳብ ትቼዋለሁ።

ሦስት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። የመጀመሪያው፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ የሚበራውን አምፖል ከሴንሰሩ ጋር ባያይዘው ይሠራል? እናቴ በጣም የሚቸገሩት በዚያ ሰዓት ነውና ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ባለ ሱቁ ለኮሪደሩም ለሽንት ቤቱም ራዳር ያለውን አምፖል እንድወስድ መክሮኛል፤ ከፒአይአር ይሻላል? ሦስተኛው፣ የውጭ በራችን ሰው ሌሊቱን ሁሉ በሚያልፍበት የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። በዚያ ላይ በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ስለሚበዛብን ግቢው ሌሊቱን በሙሉ በርቶ ማደር አለበት። ለበሩ ከፎቶሴል ጋር የእንቅስቃሴ ሴንሰርም ልጨምር?

የሽቦ ሥራ፣ አራዳ

ባትሪ ያለውን አምፖል ከሴንሰር ኋላ አያድርጉት። ይህ አምፖል ባትሪውን የሚሞላው መስመር ሲያገኝ ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ሰው ከሌለ መስመሩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ በቀን ውስጥ የሚሞላው ሰው ባለፈባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይሆናል። መብራት ሲጠፋም የሴንሰሩ ሪሌይ (መስመሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ክፍል) መስመሩን እንደቆረጠ ስለሚቀር አምፖሉ በእጅ እንደጠፋ ቆጥሮ ሳይበራ ይቀራል። በሳሎን፣ በተለመደው ማብሪያ ላይ ግን ጥሩ ነው።

ለእናትዎ መንገድ የምመክረው ሁለተኛ፣ ከመስመሩ ፈጽሞ የተለየ መብራት ነው፤ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ባትሪ፣ ትንሽ ፒአይአርና የጨለማ መለያ በአንድ ላይ የያዘ፣ ግድግዳ ላይ በማግኔት የሚለጠፍ ረጅም መብራት አለ። አንዱን በኮሪደሩ፣ ሌላውን ከበረንዳው ጣሪያ ሥር ያድርጉት። ዝናብ በማይነካው ቦታ ይሁን። በፀሐይ የሚሞላውም ለደረጃው ሊያገለግል ይችላል፤ በክረምቱ ደመና ግን ባትሪው ሳይሞላ ስለሚመሽ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

ራዳሩን በተመለከተ፣ ይህኛው ሴንሰር ከፒአይአሩ በተለየ ራሱ ማዕበል ይለቅቃል፤ ብዙውን ጊዜ በ5.8 ጊጋኸርዝ፤ ከሚንቀሳቀስ ነገር ተመልሶ የሚመጣውንም ይለካል። በእንጨት በር፣ በኮምፔንሳቶ ኮርኒስና በመስታወት አልፎ ያያል። በነፋስ የሚርገበገብ ቆርቆሮ፣ በኮርኒስ ላይ የሚሮጥ አይጥ፣ ከበሩ ማዶ የሚያልፍ ተከራይ ሊያበራው ይችላል። ለእናትዎ ኮሪደር ፒአይአሩን እመርጣለሁ፤ መብራቱ ያለ ምክንያት እየበራ እንቅልፍ እንዳይነሣቸው።

ለበሩ የእንቅስቃሴ ሴንሰር አይጨምሩ። ሰው በማይቋረጥበት መንገድ ላይ ሪሌዩ ሌሊቱን ሁሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ያድራል፤ ኤልኢዲ ደግሞ በሚበራባት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ከዋቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሪሌዩን ጥርስ ያስረጀዋል። የሚቆጥበውም ቢሆን ትንሽ ነው። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ለ12 ሰዓት ቢበራ በወር 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይበላል። አሁን ቀንና ሌሊት የሚበራው አምፖል አሮጌው ባለ 60 ዋት ከሆነ ግን በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር እርከኑ የሚያድግ ስለሆነ ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል። ለበሩ ኤልኢዲና ፎቶሴል ብቻ ይበቃሉ። ለጥምቀት ደግሞ ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ጎን ለጎን የሚታሰረውን ማብሪያ ከከተራ ዋዜማ ጀምሮ ጭነው ይተዉት፤ እንግዶቹ ሲሸኙ ይመልሱት።

አንድ ነገር እንዳይዘነጉ፦ ፒአይአር ኃይል ባገኘ ቁጥር እስኪረጋጋ ድረስ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ አምፖሉን ሊያበራ ይችላል። መብራት ሲመለስ የደረጃው መብራት በራሱ ቢበራ ሰው ገባ ብለው አይደንግጡ።

ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ

በሽንት ቤቱ ላይ ከወንድሜ ትንሽ እለያለሁ። ፒአይአር ያልተንቀሳቀሰን ሰው አያይም፤ ጊዜውን ማራዘም ችግሩን ይቀንሳል እንጂ አያስወግደውም። ራዳር ግን እጅን ከማንሣት ያነሰ እንቅስቃሴም ይለያል። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ የርቀት መዘውሩን ወደ ዝቅተኛው አውርደው፣ ፊቱን ከበሩ አዙረው ቢገጥሙት ከውጭ በሚያልፈው ሰው የሚበራበት ጊዜ ጥቂት ይሆናል፤ ቢበራም የሚረበሽ ሰው የለም። አዛውንት በተቀመጡበት ከሚጠፋ መብራት ይልቅ አልፎ አልፎ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚበራው ይሻላል። ለኮሪደሩ ግን የተባለውን ፒአይአር እደግፋለሁ።

የሳሎኑን መብራት በተመለከተ፣ ባትሪ ባለው ዲጂታል ታይመር ላይ የጠረጴዛ መብራት ሰክተው በየቀኑ በአንድ ዓይነት ደቂቃ እንዳይበራ ያድርጉ። ብዙዎቹ ዲጂታል ታይመሮች ሰዓቱን በጥቂት ደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ የሚያዛባ ምርጫ አላቸው። ከሌለው ለሳምንቱ ቀናት የተለያዩ ሰዓቶችን ያስገቡ፤ ለምሳሌ ሰኞ ከ18፡40 እስከ 21፡15፣ ማክሰኞ ከ19፡05 እስከ 22፡00። ወደ ገጠር ከመሄዳችሁ በፊት ታይመሩን ነቅላችሁ ለአንድ ሌሊት ካሳደራችሁት በኋላ ሰዓቱን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ወደ ኋላ ከቀረ በውስጡ ያለው ባትሪ ደክሟል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ባትሪ በቂ ኃይል የሚይዘው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለረጅም ሰዓት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሰክታችሁ አቆይታችሁ እንደገና ሞክሩት።